የጋራው ግድግዳ

ለቦታ ሲል የሰውን ሕይወት የሚንቅ ሰው፣ አንድ ቀን የሚመሰክርበትን ሰው በገዛ ቤቱ ያሳድጋል፤ የሚከተለው ታሪክ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው።

«ቀጮ! ሩጪና እይልኝ፤ ሽማግሌው ውስጥ አለ?» አለ አጎቷ፣ አቧራ በሸፈነው ግቢ መካከል ቆሞ።

ልጅቱ ከትምህርት ቤት መመለሷ ነበርና ቦርሳዋን እንዳነገተች ወደ ጎረቤት ገባች። በሰፈሩ «ጋሽ መርፌ» የሚባሉት ልብስ ሰፊ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ በስፌት መኪናቸው የአንድ ተማሪ ዩኒፎርም ያጠብባሉ።

«መጣሽ ቀጮ? ላንቺ ልብስ እኮ ጨርቅ አያስፈልግም፤ ክር ብቻ ይበቃሻል!»

«ጋሽዬ፣ አሁን የትም አይሄዱም?»

«ይህን ሳልጨርስ የት እሄዳለሁ? አጎትሽን ግን ንገሪልኝ፤ ቤቴን አልሸጥም። ጆሮው ተደፍኖ ከሆነም ይምጣ፣ በመቀሴ እከፍትለታለሁ።»

ሳትስቅ መመለስ አልቻለችም።

በዚያች ከተማ ሥራ በዝቶ፣ ሥራ ፈላጊው ከየአቅጣጫው ይጎርፍ ነበር። ለመጣው ሁሉ ማደሪያ፣ ለከፈተው ሁሉ ሱቅ ያስፈልጋል። ትናንት ውሻ ይተኛበት የነበረው ባዶ ቦታ ዛሬ ደላሎች አንገት ለአንገት የሚተናነቁበት ሆኗል። ከእነርሱ አንዱ የሆነው አጎቷ፣ ጎን ለጎን የተሠሩ ሁለት ቤቶችን አጽድቶ ለአንድ ፎቅ ሠሪ ለማስረከብ ቃል ገብቷል። የግራውን ገዝቷል፤ የቀኙ ግን የልብስ ሰፊው ነው። ሁለቱን የሚለያያቸውም አንድ የጋራ ግድግዳ ነበር። አጎቷ የቀጠራቸው ቤት አፍራሾች ደግሞ አንድ የማይጥሱት ሥርዓት ነበራቸው፤ የጋራ ግድግዳ ከመመታቱ በፊት ሰው ወደ ጎረቤት ይላካል፤ ተልኮ የሄደው «ባዶ ነው» የሚል ቃል ይዞ እስኪመለስ ድረስ መዶሻ አይነሣም።

«ውስጥ ናቸው፤ እየሰፉ ነው» አለችው ልጅቱ።

አጎቷ ትኩር ብሎ አያት። ከዚያም ፊቱን ወደ ፈራሹ ቤት መልሶ ጮኸ፦ «ባዶ ነው! በሉ ምቱ!»

«ኧረ ውስጥ ናቸው አልኩህ እኮ!»

መዳፉ ጉንጯ ላይ አረፈ። ወደቀች፤ አፏ ደም ደም አለ። በቤቱ ውስጥ የመዶሻው ድምፅ ጩኸቷን ዋጠው። ግድግዳው አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠ፤ ወደ ቀኝ ዘመመ፤ ከነጣሪያው ተደረመሰ። ከፍርስራሹ ሥር የሰው የማይመስል ጩኸት ተሰማ።

አቧራው ሳይጠራ ዘላ ገባች። የስፌት መኪናው ተገልብጧል፤ ዩኒፎርሙ በደም ርሷል። የጋሽ መርፌ ግራ እግር ከጉልበቱ በታች በድንጋይ ተጨፍልቆ ነበር። በጥፍሮቿ ድንጋይ ትቧጥጥ ጀመር።

የአፍራሾቹ አለቃ ያንን ባየ ጊዜ መዶሻውን ጥሎ የአጎቷን አንገት ያዘ። «ባዶ ነው አላልከኝም? ነፍሰ ገዳይ ልታደርገኝ ነው?» በግንባሩ አፍንጫውን መታው። አጎቷ ደሙን እያዝረከረከ ብረት አነሣ፤ የአለቃውን ትከሻ ሰበረበት። ሌሎቹ ተረባርበው ባይለያዩአቸው ኖሮ ሬሳ ይወጣ ነበር።

«እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ አጎቷ እያለከለከ። «የላክኋት ልጅ ናት ማንም የለም ያለችኝ!»

ሁሉም ወደ እርሷ ዞሩ። እርሷ ግን ድንጋዩን መቧጠጧን አላቆመችም።

ልብስ ሰፊው ወደ ሐኪም ቤት ከተወሰዱ በኋላ፣ አጎቷ ልጅቱ ከእናቷ ጋር ወደምትኖርባት የጓሮ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ።

«ስሚ፤ ልጅ ነሽ፣ ማንም አያስርሽም። "አላየኋቸውም ነበር" ትያለሽ፣ አለቀ። እምቢ ካልሽ ግን አንቺም እናትሽም ዛሬውኑ ትወጣላችሁ። በዚህ ከተማ የአይጥ ጉድጓድ እንኳ የሚያከራያችሁ ካገኛችሁ እናያለን!»

በሩን አላትሞ ወጣ። እናቷ የልጇን ያበጠ ጉንጭ በእርጥብ ጨርቅ ያዘች።

«ምን ነበር ያልሽው የኔ ልጅ?»

«ውስጥ ናቸው ነበር ያልኩት።»

ልጅቱን የመታው ሰው የእናትየው ወንድም ነው፤ ጣሪያውም የእርሱ ነው። ልጅቱ ደግሞ ያችን ክፍል ካጡ የት እንደሚያድሩ አታውቅም። እናቷ ግን ቀስ ብላ ተነሣች፤ ብርድ ልብሱን ከአልጋው ላይ ገፈፈችና ማጠፍ ጀመረች። ልጅቱ ቦርሳዋን አነሣች።

ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ አጎቷ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያስላል። መርማሪዋ ጉንጯን አየችና ድምፅዋን ለዘብ አደረገች።

«ወደ ጎረቤት የላከሽ እርሱ ነው?»

«አዎ።»

«ምን ብለሽ ተመለስሽ?»

የአጎቷ ሳል ቆመ። ልጅቱ ግን ወደ እርሱ አልዞረችም።

«ውስጥ ናቸው፣ እየሰፉ ነው ብዬ ነገርኩት። ስደግመው መታኝ።»

የጋሽ መርፌ እግር ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ፎቅ ሠሪው ሌላ ቦታ ገዝቶ ሄደ። ፍርድ ቤቱ በደላላው ላይ የዘጠኝ ዓመት እስራት ፈረደ፤ የገዛው ቤትና ልጅቱ የለቀቀቻት የጓሮ ክፍል ለልብስ ሰፊው ካሣ እንዲሆኑ ተሸጡ።