ሁለቱ ግራጫ ሣጥኖች

«ታዲያ መቼ ነው የሚከፈተው?» አለ ቢተው፣ የኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ቆሞ።

ፍቅርአዲስ ምኑ እንደሚከፈት አልገባትም። ቢተው ከቁይ ከተማ መጥቶ እነፍቅርአዲስ ግቢ ተከራይቶ የሚማር፣ ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ነው።

«የትምህርት ዘርፍ የሚለው ሣጥን ነዋ። ማኅበራዊ ሳይንስ ይላል፤ እኔ የምፈልገው የተፈጥሮ ነው። ሲከፈት እቀይረዋለሁ ብዬ ምዝገባውን ላክሁት።»

አጣርቼ እነግርሃለሁ ብላ ሸኘችው።

የምዝገባ ገጹን የሠሩት እሷና አበረ ናቸው። በኮምፒውተር ክበቡ የሚቀድማቸው የለም፤ ይህንንም ጠያቂ ሳያስፈልጋቸው ራሳቸው ይናገራሉ። ገጹ ላይ መጻፍ የማይቻልባቸው ሁለት ሣጥኖች አሉ። ላይኛው የማጠናከሪያ ትምህርት መምረጫ ነው፤ ገና ዝግ ስለሆነ ከቅጹ ጋር አይላክም። ታችኛው የትምህርት ቤቱ ቢሮ የሞላው የትምህርት ዘርፍ ነው፤ ተማሪው አንብቦ ስህተት ካየ ሳይልክ በፊት ቢሮ ማመልከት አለበት፣ ከላከው አብሮ ይሄዳል። ፍቅርአዲስ ግራጫ ቀለም ያዘዘችው ለሚነበበው ብቻ ነበር። የጻፈችው የኮድ ትእዛዝ ግን መጻፍ የማይቻልበትን ሁሉ የሚይዝ ኖሮ ዝጉን ሣጥንም ግራጫ አደረገው። እሷ ልዩነቱን በልቧ ስለምታውቀው ስትሞክረው ምንም ስህተት አልታያት።

ቢተው ሁለቱን አንድ መልክ ሲያያቸው፣ ላይኛው «በቅርቡ ይከፈታል» ስለሚል ታችኛውንም ጠበቀ። ሌላ ልጅ ቢሆን ቢሮ ገብቶ ይጨቀጭቅ ነበር። እሱ ግን ቅኔ ቤት ያደገ ነው፤ እዚያ ተራው ሳይደርስ የሚጠይቅ ተማሪ የለም።

አበረ ሲመጣ ነገረችው። የተመዝጋቢዎቹ ዝርዝር ከምሳ በፊት ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንደሚላክና ከተላከ በኋላ ዘርፍ እንደማይቀየር ሁለቱም ያውቃሉ።

«አታካብጂ» አላት። «ያላነበበ የራሱ ጉዳይ። ደግሞ ማንም ቅሬታ የለውም ብዬ ለቲቸር ነግሬያለሁ።»

ቅዳሜ ገጹን ዩኒቨርሲቲ ወስደው ሊያሳዩ ነው። ይህ ከተሰማ መቅረቱ ነው። አበረ ቁጭ ብሎ ዝጉ ሣጥን በነጠብጣብ መስመር እንዲከበብ አደረገና ተስተካከለ አላት። ለሚቀጥለው ተመዝጋቢ እውነትም ተስተካክሏል። የቢተው ግን ሄዷል።

ፍቅርአዲስ ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። አበረን ተቆጣችው፤ ይበልጥ የተቆጣችው ግን ራሷን ነበር፣ ለአንድ አፍታ እሱ ትክክል በሆነ ብላ ተመኝታለችና። ከዚያ ሳትነግረው ወጣች።

ምዝገባውን የሚመሩት መምህር አካለ ወልድ ዝርዝሩን ፖስታ ውስጥ እየከተቱ ነበር።

«ቲቸር፣ እንዳይልኩት። ገጹ ያሳሳታቸው ልጆች አሉ። ቀለሙን ያዘዝሁት እኔ ነኝ።»

መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ። «ስንት ናቸው?»

«አላውቅም። ክፍል ለክፍል ዞሬ እጠይቃለሁ።»

የቅዳሜው ነገርስ እንዴት ሊሆን ነው አሏት።

«አበረ ያሳየው» አለችና ወደ አሥራ አንደኛ ክፍሎች ሄደች። የመጀመሪያውን በር አንኳኳች።