ሸሚዙን ማን ሰፋለት?

የግቢውን በር ገፍታ አንድ እግሯን እንዳስገባች ሙዚቃውን ሰማችው። ፊልም ላይ ክፉው ሰውዬ ብቅ ሊል ሲል የሚመጣው፣ ከበሮውና መለከቱ የተኳረፉ የሚመስሉበት ያ ሙዚቃ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከቤታቸው ሳሎን፣ ልክ እንደ ድሮው። ለአፍታ ደስ አላት። እናቷ ከሞተች ሁለት ወር ከአሥራ አንድ ቀን እንደሆናት ትዝ ያላት ከዚያ በኋላ ነው። ቦርሳዋን አቅፋ ግድግዳውን ተደገፈች።

ዕድሜዋ አሥራ አምስት ነው፤ ቤት ውስጥ ግን እስከ ዛሬ «ሚጣ» ነው የሚሏት። የሚሏት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አሁን አንድ ቀርቷል። ቤት ውስጥ ያለውም እሱ ብቻ መሆን አለበት፤ አባቷ። አባቷ ደግሞ እንዲህ ያለ ፊልም በዓይኑ አያይም።

አባቷ የማተሚያ ቤት አራሚ ነው። ሥራው መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት አንብቦ ስህተቱን በቀይ እስክሪብቶ መልቀም ሲሆን፣ ሙያው ቤት ድረስ ተከትሎት ይመጣል። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን ያርማል። የሠርግ ጥሪ ወረቀት ያርማል። ሚጣ አራተኛ ክፍል ሳለች በገዛ እጇ ጽፋ የሰጠችውን የልደት ካርድ እንኳ «በጣም ቆንጆ ነው» ብሎ፣ አቅፎ ስሞ፣ ሁለት ቦታ አርሞ መልሶላታል። እንዲህ ላለ ሰው መጥፎ ፊልም ማየት ጫማ ውስጥ ጠጠር ይዞ እንደ መሄድ ነው። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ላይ አንዱ አንዱን በቦክስ መምታት ሲጀምር፣ ወረቀቶቹን ሰብስቦ መኝታ ቤት ይገባና በሩን ይዘጋ ነበር።

እናቷ ግን መጥፎ ፊልም ነፍሷ ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ ስፌት መኪናዋን ሳሎኑ መስኮት ሥር አድርጋ ቀኑን ሙሉ ትሰፋለች። «ጥሩ ፊልም ዓይን ይፈልጋል፤ የእኔ ዓይን ደግሞ ሥራ ላይ ነው» ትል ነበር። «መጥፎዎቹን ግን በጆሮ ማየት ይቻላል። ሰውየው ‹አሁን በሩን ሰብሬ እገባለሁ› ይልና ሰብሮ ይገባል። እንዴት ያለ አሳቢ ሰው ነው።» የሚያስቅ ነገር ሲመጣ እግሯን ከፔዳሉ ላይ ታነሳለች። ስፌት መኪናው ዝም ካለ፣ ሚጣ ደብተሯን ትታ ቀና ማለት አለባት።

ሲዲ የሚሸጠው ሰውዬ ሳይቀር አመሏን አውቆት፣ መንገድ ላይ ሲያያት «እትዬ፣ አንድ የማይረባ ነገር ገብቶልኛል፤ ለእርስዎ ብዬ አስቀምጬዋለሁ» ይላት ነበር። ሲዲዎቹ የሚደበቁት መሳቢያ ውስጥ፣ ከገበር ጨርቁ ሥር ነው። አባቷ ከሥራ ሲመለስ የግቢው በር ይንቋረራል። ያኔ እናቷ «መጣ፣ መጣ፣ ዜና» ትላለች፤ ሚጣ ሪሞቱን ትጫናለች። አባቷ ሲገባ እናትና ልጅ ስለ መንገድ ጥገና የሚወራውን ኮስተር ብለው ሲያዳምጡ ያገኛቸዋል። እሱ መኝታ ቤት ገብቶ በሩን እስኪዘጋ ድረስ ሳቃቸውን በአፍንጫቸው ያፍኑታል። ከዚያ ወደ ፊልሙ ይመለሳሉ።

እናቷን ከሁሉ በላይ የሚያስቃት ልብስ ነበር። ዋናው ተዋናይ ሲደባደብ እጅጌው እስከ ብብቱ ይቀደዳል፤ ቀጥሎ ያለው ትዕይንት ላይ ያው ሸሚዝ ደህና ሆኖ ይመጣል። እናቷ መቀሷን ታስቀምጥና፣ የምር የምትጠይቅ በሚመስል ድምፅ፣ «ማን ሰፋለት?» ትላለች። ሁልጊዜ። ሚጣ እንደምትለው እያወቀች ሁልጊዜ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

ሳሎን ስትገባ አባቷን ስፌት መኪናው ወንበር ላይ አገኘችው። ማሽኑ ላይ ሰማያዊው ክር እንደተሰካ ነው፤ ማንም አልነካውም። አባቷ መነጽሩን አድርጓል። ጉልበቱ ላይ ወረቀት፣ እጁ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ይዟል።

«መጣሽ?» አለና ፊልሙን ባለበት አቆመው።

«ምን እያደረግህ ነው አባዬ?»

«ፊልም እያየሁ ነው» አለ። እንደ ሌባ ደንግጧል። «ገበሩን ለእናትሽ ደንበኛ ልመልስላት ብዬ መሳቢያውን ስከፍት ነው ሲዲዎቹን ያገኘኋቸው። ይሄኛው ግን ማጫወቻው ውስጥ ነበር። ‹በቀለኛው ሐኪም› ይላል።»

ሚጣ ማጫወቻው ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃለች። ለዚህ ነው ሁለት ወር ሙሉ አጠገቡ ያልደረሰችው።

አባቷ ወረቀቱን ዘረጋላት። በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ ቁጥር እየሰጠ መዝግቧል። *ደቂቃ 6፦ የሞተው ሰውዬ ይተነፍሳል። ደቂቃ 11፦ ሌሊት ነው ይላሉ፤ የፈረሱ ጥላ መሬት ላይ ይታያል። ደቂቃ 19፦ ሐኪሙ የልብ ምት የሚያዳምጠው ሆድ ላይ ነው።* እንዲህ እያለ እስከ ወረቀቱ ግርጌ ይወርዳል።

«ሠላሳ አራት ስህተት አገኘሁ» አለ። «አንዱም አላሳቀኝም።» ከዚያ «እሷን የሚያስቃት የትኛው ነው?» አላት።

አባቷ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር።

«በሩን ዘግቼ ስትስቁ እሰማችሁ ነበር» አለ። «ዜናውንም አውቅ ነበር። ሰው ስለ መንገድ ጥገና እያዳመጠ እንደዚያ ዓይኑ እንባ አያቀርርም። ምን ነበር አንድ ቀን ወጥቼ ‹ምኑ ነው የሚያስቀው?› ብዬ ብጠይቃችሁ? አሁን ፎቶዋ አለ፤ ልብሷ አለ። ሳቋ ግን የትም የለም። ፊልሙን ካየሁት የምትስቅበት ቦታ ላይ እደርሳለሁ ብዬ ነው።»

ሚጣ ወረቀቱን ይዛ ቆመች። ቀዮቹ ቁጥሮች ዓይኗ ላይ ተደበላለቁ። አባቷ እንዲህ አሳዝኗት አያውቅም።

«አንድ ያልገባኝ ነገር አለ» አለ አባቷ። «ስከፍተው ከመሃል ነው የጀመረው። አርባ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ። እኔ ነኝ ወደ መጀመሪያው የመለስኩት። እናንተ ደግሞ ፊልም ጀምራችሁ አትተዉም። ለምን ነበር ያልጨረሳችሁት?»

ይህን ነበር የፈራችው።

አርባ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ዳኛዋ ነበረች የገባችው። ዳኛዋ የክፍሏ ልጅ ናት፤ ስሙ የወጣላት በሁሉ ነገር ላይ ፍርድ ስለምትሰጥ ነው። ጫማ፣ መምህር፣ ዘፈን፣ ሁሉም ከአሥር ነጥብ ይሰጠዋል። ያን ቅዳሜ ደብተር ልትወስድ መጥታ በሩ ላይ ቆመችና ቴሌቪዥኑን አየችው። «ይሄን ነገር የምር ታዩታላችሁ? በጣም ፋራ ነው፤ ከአሥር ዜሮ» አለች። እናቷ ልትስቅ አፏን ስትከፍት ሚጣ ቀደመቻት።

«እኔ አላይም። እማዬ ናት የምታየው፤ እኔማ ያስጠላኛል።»

እናቷ አንገቷን ደፍታ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ፊልሙን አቆመችና ሥራዋን ቀጠለች። የሚቀጥለው ቅዳሜ «ነይ እንጂ፣ ሐኪማችንን እንጨርሰው» ስትላት፣ ሚጣ «ሒሳብ ላጠና ዳኛዋ ቤት መሄዴ ነው» አለቻት። እናቷም «ጥናቱ ይቅደም። ብቻዬን አላየውም፤ እዚሁ ጋ እጠብቅሻለሁ» አለች። ዳኛዋ ቤት ሒሳብ የሚባል ነገር አልነበረም። አልጋ ላይ ተጋድመው ጥፍራቸውን ሲቀቡ ነው የዋሉት። ረቡዕ ዕለት እናቷ ስፌት መኪናው ላይ ተደፍታ ተገኘች፤ ሐኪም ቤት ሁለት ቀን ቆየች፤ ዓርብ ሞተች።

«ፈተና ደርሶብሽ ነው፣ አይደል?» አለ አባቷ። «የመጨረሻው ቅዳሜ ለብቻዋ ነበረች። ‹ልጄ ጎበዝ ናት፣ ለማጥናት ሄዳለች› ብላኛለች። ያንን ሳስብ ትንሽ ቀለል ይለኛል። ደስ ብሏት ነበር።»

አዎ ብትል በቂ ነው። አባቷ ወረቀቱን ያጥፋል፤ ነገሩ ያበቃል። እሱም ያቺን ትንሽ ማጽናኛ ይዞ ይኖራል። ሚጣ «አዎ» ልትል አፏን ከፈተች። ወረቀቱን አየችው። አባቷ እናቷን ፍለጋ ሠላሳ አራት ቦታ ሄዶ ባዶ እጁን ተመልሷል፤ አሁን እሷ ሌላ የውሸት ቦታ ልትጠቁመው ነው።

«አላጠናሁም» አለች።

ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። ዳኛዋን፣ «ያስጠላኛል» ያለችውን፣ ክሩን፣ ጥፍር ቀለሙን። ስትጨርስ የራሷ ድምፅ አስጠላት። አባቷ እስክሪብቶውን ከደነው፤ መልሶ ከፈተው፤ ደግሞ ከደነው።

«አውቃ ነበር?» አለችው። «መዋሸቴን ታውቅ ነበር?»

ለሁሉ ነገር መልስ የማያጣ አባቷ እስክሪብቶውን ስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠው።

«አላውቅም» አለ። «ማረም የሚቻል ቢሆን አርምልሽ ነበር፣ ልጄ። እኔም አንቺ ከመወለድሽ በፊት ጀምሮ በር ስዘጋ ነው የኖርኩት። ለራሴም ላርመው አልችልም።»

ሚጣ አለቀሰች። አባቷ ወንበሩ ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጣት፤ የስፌት ወንበር ለሁለት አይበቃም፣ እንደምንም ተቀመጡ። የፊልሙ ሰዓት አርባ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ሊደርስ አንድ ደቂቃ ይቀረዋል። ሪሞቱን ወስዳ ራሷ ተጫነችው።

በቀለኛው ሐኪም የሆስፒታሉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ከአምስት ሰዎች ጋር ይደባደባል። «አሁን አንተን ወደ ታች እወረውርሃለሁ» ይልና አንዱን ይወረውራል። አንደኛው ሰውዬ ትከሻውን ይዞ ሲጎትተው ሸሚዙ እስከ ክርኑ ድረስ ተተረተረ። ቀጥሎ ሐኪሙ ፍቅረኛው አጠገብ ተቀምጧል። ደም አለበት፤ ላብ አለበት። ሸሚዙ ግን እንኳን ሊቀደድ፣ ገና አሁን በካውያ የተተኮሰ ይመስላል።

የአባቷ እጅ ወደ እስክሪብቶው ሄደ። «ሚጣ፣ ሸሚዙ እኮ...»

«ማን ሰፋለት?» አለች ሚጣ።

አስባ አይደለም የተናገረችው። የወጣው ድምፅ ግን የእናቷ ነበር፤ ያ የምር የሚጠይቅ የሚመስለው ድምፅ። አባቷ ዞሮ አያት። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ሚጣ ሰምታው የማታውቀው፣ ሲጥ ሲጥ የሚል ሳቅ። እሷም ሳቀች። መቼ ወደ ልቅሶ እንደዞረ ሁለቱም አላስተዋሉትም።

«ይሄ ነበር?» አለ አባቷ ዓይኑን በመዳፉ እየጠረገ። «ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

አባቷ ወረቀቱን አነሳና ከሠላሳ አራቱ በታች ሠላሳ አምስተኛውን ጻፈ። ስህተቱን አይደለም የጻፈው። *ደቂቃ 53፦ እዚህ ጋ ትስቃለች።*

የግቢው በር ተንቋረረ። ዳኛዋ ናት፤ አሥር ሰዓት ላይ መጥታ ሰኞ ለሚሰጠው የሒሳብ ፈተና ሊያጠኑ ተቀጣጥረው ነበር። አባቷ በርግጎ ሪሞቱን ያዘና ተጫነው፤ አንድ ሰውዬ ኮስተር ብሎ ስለ ውሃ ቧንቧ ዜና ማንበብ ጀመረ። አባትና ልጅ ተያዩ።

«መልሰው አባዬ» አለች ሚጣ፤ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ወጣች።

ዳኛዋ ደብተሯን ታቅፋ ደረጃው ሥር ቆማለች። ከሳሎኑ ከበሮውና መለከቱ እንደገና መጣላት ጀመሩ። «ምንድን ነው የሚጮኸው?» አለች።

«ፊልም ነው።»

«አባትሽ ናቸው የሚያዩት?»

«እኔ ነኝ» አለች ሚጣ። «እኔና እማዬ የጀመርነው ነው። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ይቀረዋል፤ ከዚያ እናጠናለን።»

ዳኛዋ የሚጣን ቀይ ዓይን አየችና ልትል የነበረውን ተወችው። «ጥሩ ነው?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አይደለም። በጣም መጥፎ ነው።»

ሚጣ በሩን ወለል አድርጋ ተወችውና፣ ዳኛዋ ትከተላት አትከተላት ሳታይ ዞረች። «አባዬ፣ አታቁመው» አለች። «መጣሁ።»