ጠማማዋ የጎድን አጥንት

በመርገላ መንግሥት፣ በንጉሥ ዛርዳን ዘመን በዘጠነኛው ዓመት፣ በሰባተኛው ቀን ግብር ላይ፣ ከንጉሡ ፊት የቀረበው ሥጋ ተንቀጠቀጠ።

ዘፈኑ ቆመ። ጠጅ ቀጂዎቹ ብርሌ እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ሥጋው በወርቁ ገበታ ላይ፣ ዝንብ ያረፈበት የፈረስ ቆዳ እንደሚርገበገብ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ተርገበገበና ዝም አለ። ሦስት መቶ መኳንንት ንጉሡን ተመለከቱ። ንጉሡ ሳቀ።

«በርዶት ነው» አለ። «አዋዜ አልብሱት!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ያልሳቀችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም ቢላዋውን የያዘችው ናት።

ሽብሬ የቤተ መንግሥቱ ብልት አውጪ ነበረች። በየሰባት ቀኑ ከደንገል ተራራ በበቅሎ ተጭኖ የሚወርደውን ሥጋ ተቀብላ፣ ለየማዕረጉ የሚገባውን ብልት ለይታ የምታወጣው እሷ ናት። ዕድሜዋ ሃያ አራት ነው። ሰው ፊት መናገር ያሳፍራታል፤ ቢላዋዋ ግን ተሳስቶ አያውቅም።

መርገላዎች በአንድ ነገር ከምድር ሕዝብ ሁሉ እንደሚበልጡ ያምኑ ነበር። በአገራቸው ለሁለት መቶ ዓመት እንስሳ ታርዶ አያውቅም። በሬው አርሶ፣ ላሟ ታልባ፣ ዕድሜያቸውን ጨርሰው ይሞታሉ፤ እንደ ሰውም ይቀበራሉ። ከተራራው የሚመጣው ሥጋ፣ በደንገል መስክ አርጅተው በእንቅልፋቸው ካለፉ ከብቶች የተገኘ ነው ይባል ነበር። «የሰላም ሥጋ» ይሉታል። መኳንንቱ ከበሉ በኋላ የተረፈው በየደጁ ለሕዝቡ ይታደላል። ንጹሕ እጅ፣ የጠገበ ሆድ፤ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል?

ግብሩ ሲያበቃ ሽብሬ አጥንቱን ሰበሰበች። ከግራ በኩል ሦስተኛዋ የጎድን አጥንት ጠማማ ነበረች፤ አንድ ጊዜ ተሰብራ ሳትቃና የገጠመች። ይህችን አጥንት ታውቃታለች። ባለፈው ሳምንት ይዛታለች፤ ከዚያ በፊት በነበረውም። ስድስት ዓመት ሙሉ «የተራራው ከብት ዘሩ እንዲህ ነው» እያለች ራሷን አሳምና ኖራለች። አሁን ግን ሌላ ነገር ታሰባት። በስድስት ዓመት ውስጥ አንገት መጥቶላት አያውቅም። ልብ መጥቶላት አያውቅም። ቢቆረጥ ከብት በሕይወት የማይቆይበት ብልት አንዱም፣ አንድ ቀንም፣ አልመጣላትም። ለሌላ ቤት የሚሄድ ይመስላት ነበር።

አጥንቷን ይዛ ወደ ዙፋኑ ተመለሰች። መኳንንቱ ገና እጃቸውን እየታጠቡ ነበር።

አጥንቷን ለንጉሡ ከፍ አድርጋ አሳየች። «ንጉሥ ሆይ፣ ይህች አጥንት የብዙ ከብቶች አይደለችም። የአንዲት ናት። ስድስት ዓመት ስቆራርጥ የኖርኩት አንዲት ያልሞተች እንስሳን ነው።»

የንጉሡ ፊት ጠቆረ። «አንቺ መቁረጡን ቁረጪ። ማሰቡን ለእኔ ተይው።»

ሽብሬ ቢላዋዋን ከወገቧ አወጣች። ዘበኞቹ ጦር ነቀነቁ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ቢላዋውን ለገበታ ሳይሆን ለመንገድ እንደሚያዝ አድርጋ በጨርቅ ጠቀለለችው።

«እንግዲህ ሁላችሁም ስሙኝ» አለች። «የዚህችን አጥንት ባለቤት ፊት ለፊት እስካይ ድረስ ሥጋ በአፌ አይገባም፤ ከእጄም ለማንም ብልት አይወጣም። ሥጋ እጠላለሁ አላልኩም። እዚህ ከተቀመጣችሁት ሁሉ ይልቅ ጣዕሙን አውቃለሁ። የምምለውም ስለምወደው ነው።»

«ሥጋ በልቶ ያለ ፈቃዴ ደንገል የወጣ አልተመለሰም» አለ ንጉሡ ቀስ ብሎ። «ተራራውን የሚጠብቁት የናስ አሞሮች ትንፋሽ ያሸታሉ። ሂጂ! በሚመጣው ሰባተኛ ቀን በቦታሽ ሌላ አቆማለሁ።»

ደጁ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመው ሰምተዋል። አንዱ ድንበሩ የሚባለው ሽማግሌ በረኛ ነው፤ ሦስት ጥርስ የቀረው። ሌላው ኬዳር ነው፤ ቅጠለኞች ከሚባሉት፣ ከተወለዱ ሥጋ ቀምሰው ከማያውቁት ወገኖች የተወለደ። በየግብሩ ቀን ደጅ ቆሞ «የምትበሉትን እወቁ!» እያለ ሲጮህ ስድስት ዓመቱ ነው።

«ቀና ብለሽ አንድ ቀን እንኳ አይተሽኝ አታውቂም» አላት ኬዳር።

«ሥራ ላይ ነበርኩ።»

«ወይ ሥራ!» አለና ስልቻውን አነሣ። «አብሬሽ እሄዳለሁ። ትንፋሼ ከእናንተ ይሻላል።»

«መንገዱን እኔ አውቃለሁ» አለ ድንበሩ። እንዴት እንዳወቀው አልተናገረም። «ግን አንተ ቅጠለኛ፣ እዚያ ላይ ቅጠል የለም። ምን ልትግጥ ነው?»

«ሽንብራ ይዣለሁ።»

«ለስንት ሰው?»

«ለሦስት።»

«እንግዲያው ወንድሜ ነህ» አለ ሽማግሌው። «የእኔን ድርሻ አኝከህ ስጠኝ እንጂ።»

ሦስት ቀን ወጡ። በሦስተኛው ቀን፣ ጸሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ የናስ አሞሮቹ መጡ። ክንፋቸው እንደ ደወል ያስተጋባል፤ ጥላቸው ዓለቱ ላይ ሲያርፍ ዓለቱ ይግላል። ኬዳር ሽብሬንና ድንበሩን ከጋቢው ሥር ከተታቸው፤ በአፋቸው ጤና አዳም አጎረሳቸው፤ ራሱ እላያቸው ላይ ቆመና አፉን ወደ ሰማይ ከፈተ። ትልቁ አሞራ ወርዶ ምንቃሩን ከንፈሩ ዘንድ አድርሶ አሸተተ። ኬዳር ዓይኑን አልጨፈነም። አሞራው ከሽንብራ ሌላ ያገኘው ነገር ስላልነበረ ተነሥቶ ሄደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

«ምን አለህ?» አለ ድንበሩ ከጋቢው ሥር።

«ጨው ጎድሎሃል አለኝ» አለ ኬዳር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ከዋሻው ደረሱ። የንጉሡ ሥጋ ቆራጮች ከታች ከሰፈራቸው ገና አልወጡም ነበር። እዚያም ዑርማን አዩአት።

ጎጆ የምታህል ላም ናት፤ ጠጉሯ እንደ ጉም ነጭ፣ ቀንዶቿ የዋሻውን ጣሪያ የነኩ። አራቱም እግሮቿ በብር ሰንሰለት ከዓለቱ ጋር ታስረዋል። በግራ ጎኗ ቆዳ አልነበራትም። አዲሱ ሥጋ ከውስጥ እየገፋ ይሞላል፤ እየሞላም ይንቀጠቀጣል። አልጮኸችም። ሰዎቹን ስታይ ከብዷት፣ ቀስ ብላ ዞረች፤ ዞራም ግራ ጎኗን ሰጠቻቸው።

ኬዳር ወደ ውጭ ወጣ። ድንበሩ ባለበት ተንበረከከ።

«ዑርማን ጎኗን መስጠት ያስለመድኳት እኔ ነኝ» አለ። «አሥራ ሁለት ዓመት ቆራጭዋ ነበርኩ። ያቺን የጎድን አጥንት የሰበረው የእኔ ምሳር ነው፤ የመጀመሪያው ቀን፣ እጄ ፈርቶ። ከዚያ ወዲህ የበቀለችው ሁሉ ጠማማ ናት።»

ሽብሬ ወደ እሱ ዞረች። «ለምን አልነገሩኝም፣ ጋሼ?»

«በደጁ ስታልፊ ሁልጊዜ ልነግርሽ እልና…» ሽማግሌው ጺሙን ጨበጠ። «ሥጋው ይጣፍጣል፣ ልጄ። እኔም እበላው ነበር።»

«ሰንሰለቱን እንፍታላት!» አለ ኬዳር ተመልሶ።

«ወዴት እንድትሄድ? የመጀመሪያው ንጉሥ አስማት አድርጎባታል፤ የትም ብትሄድ ሥጋዋ ይበቅላል፤ የትም ብትሄድ ቢላዋ የያዘ ይከተላታል። በራሷ አትሞትም። ሰው ሊገድላት ይችላል፤ ገዳይዋ ግን…» ድንበሩ ግድግዳው ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ አሳያቸው። *ሕይወቷን የወሰደ ቁስሏንም ይወስዳል።*

ከዚያ ኬዳር፣ ያ ስድስት ዓመት የጮኸው ኬዳር፣ በዝቅተኛ ድምፅ አንድ ነገር አለ።

«አስቢው፣ ሽብሬ። ዛሬ እሷ ከሞተች ነገ መርገላ በሙሉ ቢላዋ ይስላል። ሺህ ጥጃ ይታረዳል። አሁን የምትሠቃየው አንዲት ናት። አንዲት ብቻ።» ዕንባው ይወርድ ነበር። «እውነት ለመናገር፣ የቱ እንደሚሻል አላውቅም።»

ሽብሬ ወደ ዑርማ ቀረበች። እንስሳዋ በትልቅ እርጥብ ዓይኗ ተመለከተቻት።

«እኔም አላውቅም» አለች። «ግን የሺውን ጥጃ ነገር ከሚበሉት ሰዎች ጋር ፊት ለፊት እከራከራለሁ፤ ጥጃውም እዚያው ቆሞ ይታያቸዋል። ይህችን ግን ማንም አያያትም። ሁለት መቶ ዓመት ስለ እሷ የተከራከረ የለም፤ ምክንያቱም የለችም ተብሏል። ‹አንዲት ብቻ› አትበለኝ። ለእሷ ከራሷ ሌላ ማን አላት?»

ቢላዋዋን ፈታች። ድንበሩ እጇን ያዘ።

«ቁስሉ የእኔ ነው፣ ልጄ። የሠራሁት እኔ ነኝ። ስጪኝ።»

«የት እንደሚወጋ ያውቃሉ?»

ሽማግሌው ቆርጦ ያውቃል፤ ገድሎ አያውቅም። በመርገላ ምድር ገድሎ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሽብሬም ብትሆን አንገት ነክታ አታውቅም፤ ነገር ግን ሥር ከሥር፣ ጅማት ከጅማት እንዴት እንደሚያያዝ ጣቶቿ ያውቁ ነበር። መዳፏን ከመንጋጋው ሥር አስገብታ ፈለገች። ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ከጥልቁ የልብ ምት መጣ፤ ዘገምተኛ፣ ከባድ፣ ከዓለት በስተጀርባ የሚመታ ከበሮ የመሰለ።

«እዚህ ጋ» አለች። «አብረን።»

ኬዳር ቢላዋ ላለመንካት ምሏል፤ መሐላውንም አላፈረሰም። ግን ግንባሩን ከዑርማ ግንባር ጋር አጋጥሞ፣ ቅጠለኞች ለሚያጣጥር ሰው የሚሉትን መዝሙር ማንጎራጎር ጀመረ። የዑርማ ጆሮ ወደ እሱ ዞረ። በዚያች ቅጽበት ሁለቱ እጆች፣ ያረጀውና ወጣቱ፣ ቢላዋውን አንድ ጊዜ ገፉት።

አንድ ጊዜ ብቻ። ዑርማ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ሰንሰለቱ ረገበ።

ከዚያ ቁስሉ መጣ። የሁለት መቶ ዓመት ቁስል እንደ ጎርፍ በቢላዋው እጀታ ወደ ላይ ወጣ። ሽብሬ ጮኸች። ድንበሩ እጇን ከእጀታው አላቆ፣ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ የቀረውን ሁሉ ብቻውን ተቀበለ። ሲወድቅ ኬዳር ደገፈው።

«ጎኔን» አለ ሽማግሌው፤ በሦስቱ ጥርሶቹ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ግራ ጎኔን… ወይ ጉድ! እንዲህ ነበር ለካ!»

ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ከዑርማ አጠገብ ቀበሩት፤ በሁለቱም ላይ ድንጋይ ከመሩ። ከሥጋዋ ማንም አልነካም። ሽብሬ ስትወርድ ቀኝ እጇ ከክርኗ በታች እንደ ደረቀ እንጨት ጠቁሮ ነበር።

በሰባተኛው ቀን መኳንንቱ ተቀምጠው ገበታው ባዶ ነበር። ሽብሬ በመካከላቸው አለፈች።

«ሥጋው የታለ?» አለ ንጉሥ ዛርዳን።

«ሞታለች። ስሟም ዑርማ ነበር። ከእርስዎና ከቆራጮችዎ በስተቀር እዚህ ያለ ሁሉ ስሟን አሁን ገና መስማቱ ነው።» ከዚያ ያየችውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ዞራ ጎኗን እንደ ሰጠቻቸው ስትናገር ከመኳንንቱ አንዱ ፊቱን ሸፈነ።

ንጉሡ ተነሣ። «አባቶቼ የዚህን ሕዝብ እጅ ከደም ጠበቁ! አንቺ በአንድ ቀን ገዳይ አደረግሽው!»

«የጠበቁልን እጃችንን አይደለም፤ ዓይናችንን ነው።»

«ግደሏት!»

ዘበኞቹ ቀረቡ። ሽብሬ አልተነቃነቀችም።

«ይቻላል» አለች። «ከዚያ በኋላ ግን ሳያሠቃይ የሚገደልበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው በመርገላ አይኖርም። ሥጋ አምሯችሁ ምስኪኑን ከብት በየደጃችሁ ስትጨፈጭፉት ዋሉ።»

ዘበኞቹ ንጉሡን አዩ። ንጉሡ ባዶውን ገበታ አየ። ከዚያ ከእርሻ ቀይ በሬ እንዲመጣ አዘዘ፤ መጣም። «እረጂ!» አላት።

ሽብሬ ደረቅ እጇን አነሣች። «እጄ ሄዷል፣ ንጉሥ ሆይ። ይምጡ፤ ቦታውን አሳይዎታለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ብልት በማዕረግ አይወጣም። መብላት የፈለገ መጥቶ የከብቱን አንገት ይያዝ፤ ዓይኑን ይይ። የማይችል ጎመን አለለት። እኔ መብላትን አልከለክልም፤ መደበቅን ግን እከለክላለሁ!»

«ማን ነኝ ብለሽ ነው አንቺ የምትከለክይ?»

«ብልት አውጪዎ ነኝ።»

ንጉሡ ቢላዋውን ነጥቆ ከዙፋኑ ወረደ። በሬው የካባውን እጅጌ አሸተተ፤ ጨው የቀመሰ መሰለውና በሻካራ ምላሱ ይልሰው ጀመር። ንጉሡ ቢላዋውን አነሣ። ቆየ። አወረደው። እንደገና አነሣ። በመጨረሻ ቢላዋውን መሬት ላይ ጥሎ ማንንም ሳያይ ወደ እልፍኙ ገባ። «ሌላስ?» አለች ሽብሬ። ከመኳንንቱ የተነሣ አልነበረም። በሬው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ከእግራቸው ሥር የተጎዘጎዘውን ለምለም ቄጤማ መብላት ጀመረ፤ እግራቸውን ሰበሰቡለት።

ከደጅ፣ ትርፍራፊ ከሚጠብቁት መካከል፣ አንዲት አሮጊት በግ እየጎተቱ ገቡ። እማማ ዘርፌ ይባላሉ።

«አንቺ ልጅ፣ የልጅ ልጄ ወልዳ ደሟ አልቋል። ሥጋ ካልቀመሰች አትነሣም» አሉ። «ይህ የእኔው ነው። ከጡጦ ጀምሬ ያሳደግኩት። እይዘዋለሁ። ብቻ አሳዪኝ፤ እንዳይሠቃይብኝ።»

ሽብሬ ግራ እጇን በአሮጊቷ እጅ ላይ አሳረፈችና ቦታውን አገኘችላቸው። እማማ ዘርፌ የበጉን ስም ጠሩ፤ ዓይኑን እያዩ፣ እያለቀሱ፣ ሳይዞሩ። በጉ አልደነገጠም። ኬዳር አጠገባቸው ቆሞ ነበር፤ አልበላም፤ አልጮኸምም።

በዚያ ቀን በመርገላ ምድር ሥጋ የበላችው አንዲት አራስ ብቻ ነበረች። ንጉሡ ጎመን በላ።