ባቄላ የማይገባበት ቤት

ኮማንደር ገብረጊዮርጊስ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርገው «ያለቀ ነገር ነው፤ ፈርመሽ አርብ ጠዋት ፍርድ ቤት ማቅረብ ብቻ ነው» ሲሏት፣ ኢንስፔክተር ደሚቱ ሮቤራ ገና ሳትገልጠው ተናደደች። በሃያ ዓመት የፖሊስ ሥራዋ «ያለቀ ነገር» ተብሎ ከተሰጣት መዝገብ ውስጥ በእርግጥ ያለቀ አይታ አታውቅም። ሌላው ጀምሮት፣ መሃል ላይ ሰልችቶት የተወውን ሥራ መረከብ ዕጣዋ ሆኗል።

መዝገቡ እንዲህ ይላል። የስልሳ ስምንት ዓመቱ ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ሐጂ በከር ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ካለው ቤታቸው ከቤተሰባቸው ጋር ምሳ በሉ፤ የተበላው ሽሮ ነው። ረቡዕ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፣ ሽንታቸው ጠቆረ። ሐሙስ ሆስፒታል ገቡ፣ አርብ አረፉ። ሐጂ ከልጅነታቸው ጀምሮ ባቄላ የሚባል ነገር አይቀምሱም፤ ደማቸው አይችለውም። ይህን ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል። ከጓዳቸው የተወሰደው የሽሮ ዱቄት ሲመረመር ግን ባቄላ ተገኘበት። ሽሮውን የምታስፈጨውም የምትሠራውም ሁለተኛ ሚስታቸው ቢልቂስ ስለሆነች ከሰኞ ጀምሮ ታስራለች። አርብ በሰው መግደል ክስ ይመሠረትባታል። ከዚያ በኋላ ነገሩ በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ እየተሰጠው ስንት ወር እንደሚፈጅ ደሚቱ አሳምራ ታውቃለች።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። የቀራት ሁለት ቀን ብቻ ነው።

ቢልቂስን ከማረፊያ ክፍሉ አስጠርታ አነጋገረቻት። ሴትዮዋ አላለቀሰችም። ለቅሶው ገና ሳይወጣላት ወደ ንዴት የዞረባት ትመስል ነበር። ደሚቱ ሌላውን ነገር ሁሉ ትታ ሽሮውን እንዴት እንደምታስፈጨው ጠየቀቻት።

«ሽምብራውን ቆልቼ ከክኬ፣ ከበርበሬውና ከቅመሙ ጋር አደባልቄ ነው ወፍጮ ቤት የምወስደው» አለች ቢልቂስ። «ከእኔ በፊት ባቄላ ያስፈጨ ሰው ሊኖር ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ኪሎ ሽምብራ እለቅበትና ያንን ዱቄት ለሰው ሰጥቼ፣ ከዚያ ነው የእኛን የማስፈጨው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው ያደረግሁት። ልገድለው ብፈልግ ምን አለፋኝ?»

ደሚቱ መዝገቡን አገላበጠች። መዝገቡ ውስጥ ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው እንዳልነበረ ስታይ የቀድሞውን መርማሪ በልቧ ሰደበችው።

ከዚያ ልደታ ሄዳ የሐጂ ቤት እስካለበት አራተኛ ፎቅ ድረስ በታመመ ጉልበቷ ወጣች። የሐጂ ልጆች ጃፋርና ጀነት ከሟች የመጀመሪያ ሚስት የተወለዱ ናቸው፤ እናታቸው ከሞተች ቆይታለች። ጃፋር ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ይሠራል፣ የሚኖረውም እዚሁ አባቱ ቤት ነው። ታናሽ እህቱ ጀነት ባለትዳር ናት፣ ቤቷም ከግቢው ማዶ ባለው ሕንፃ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ የሐጂ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ደሚቱ ፎቶውንና ጃፋርን ደጋግማ አየች። ወጣ ያለው ጆሮ፣ የተገጣጠመው ቅንድብ፣ ጥርሱ መሃል ያለው ፍንጭት እንኳ ሳይቀር አባቱን ቁርጥ ነው።

«እኔም እኮ ለጥቂት ነው የተረፍኩት» አላት ጃፋር። «የአባቴን ደም ነው የወረስኩት፤ ባቄላ አልችልም። ከዚያው ሽሮ በልቼ ሁለት ቀን ተኝቻለሁ። ወጣት ስለሆንኩ ነው የዳንኩት። ቢልቂስ ግን እኩል በልታ ምንም አልሆነችም።»

ጀነትም አብራ መብላቷን፣ ምንም እንዳልተሰማት ተናገረች። ለዚህም ያላት ምክንያት ቀላል ነበር። «እኔ ሴት ነኝ። በእኛ ቤት በሽታው በወንድ ዘር ነው የሚሄደው፤ ወንድሜ ሁለመናው አባታችንን ነው» አለች። ይህን ስትል ለሐዘን ከተሰበሰበው ዘመድ አንድም የተቃወማት አልነበረም። ደሚቱም ቃሏን እንዳለ በማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው፤ ቆየት ብላ ግን ይህን በመጻፏ በራሷ ተናደደች።

ከዘመዶቹ ሁለት ሽማግሌዎች ለምስክርነት በተገኙበት ጓዳ ገብታ በፖሊስ የታሸገውን የሽሮ ቆርቆሮ ከፈተች። ናሙና የወሰደው ፖሊስ ማንኪያውን ከላይ ብቻ ነክሮ እንደወጣ ምልክቱ ይታያል። ዱቄቱ ከላይ አራት ጣት ያህል ነጣ ያለ ነው። ደሚቱ ረጅም ጭልፋ እስከ ታች ሰድዳ ስታወጣ ግን የመጣው በርበሬ የጠገበ ቀይ ሽሮ ነበር። ሁለቱንም ለየብቻ በላስቲክ ቋጠረች።

ለመውጣት ስትል መስኮቱ ሥር የተቀመጠውን የጀነትን የአራት ዓመት ልጅ ሙከሚልን አየችው። እንዲህ ባለ ዕድሜ ያለ ልጅ ቤት ሙሉ ሰው እያለ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጠጋ ስትል የዓይኑ ነጭ ወደ ቢጫ ያደላ መሰላት። እናቲቱ መጀመሪያ ጉንፋን ነው አለች። ደሚቱ የልጁን ፊት ወደ ብርሃን ቀና አድርጋ ስታሳያት ግን ወደ ኮሪደር ወስዳ፣ ባለፈው ረቡዕ የወፍ በሽታ ይዞት መድኃኒት ለምታውቅ አንዲት ሴትዮ እንዳሳየችው በሹክሹክታ ነገረቻት። አባቷ በጣር ላይ እያሉ የልጁን ነገር ማንሳት ነውር መስሏት ለማንም አልተናገረችም። ማክሰኞ ምሳውን በልቶ እንደሆነ ደሚቱ ጠየቀቻት። አልበላም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋዕለ ሕፃናት ነበር። ጀነት ሌላም ነገር ጨመረች፤ አባቷ ቤቱን ሸጠው ከቢልቂስ ጋር ኮምቦልቻ ለመግባት ወስነው ስለነበር ጃፋር «እኔ የት ልወድቅ ነው?» ብሎ ተጣልቷቸው ሰንብቷል።

ደሚቱ ከዚያ ወርዳ በቀጥታ ሐጂን ወዳከማቸው ወደ ዶክተር ሰላሁን ሄደች። የፈለገችው የጃፋር ደም እንዲመረመር ነበር። ዶክተሩ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። የመመርመሪያው ኬሚካል ካለቀ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ሌላ ቦታ ቢላክ ውጤቱ ሦስት ሳምንት ይፈጃል።

«ሴትዮዋ አርብ ልትከሰስ ነው እኮ» አለች ደሚቱ።

ዶክተሩ ምን ላድርግ በሚል እጁን ዘረጋ። ደሚቱ ቦርሳዋን አንስታ ልትወጣ ስትል መለስ ብላ፣ በወንድ ዘር ብቻ የሚሄደው በሽታ ምን ዓይነት እንደሆነ በብስጭት ጠየቀችው።

«ማነው በወንድ ዘር ነው ያለዎት?» አላት ዶክተሩ። የመድኃኒት ማዘዣ ገልብጦ መሳል ጀመረ። «ሰው ዲኤንኤውን ግማሹን ከእናቱ፣ ግማሹን ከአባቱ ይወስዳል። ሐጂን የጎዳቸው ዘረ መል የሚገኘው ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም ላይ ነው። ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ አለው። ለሴት ልጁ ኤክሱን ይሰጣታል። ለወንድ ልጁ ግን የሚሰጠው ዋዩን ነው።»

«ስለዚህ ወንድ ልጁ?»

«መልኩን፣ ቁመቱን፣ ጆሮውን ሊወርስ ይችላል። ይህን ግን ከአባቱ አይወርስም። ከእናቱ ካልመጣበት በቀር ነፃ ነው።»

«ሴት ልጁስ?»

«እርሷ ያለ ጥርጥር ተሸክማዋለች። ሌላው ኤክሷ ጤነኛ ከሆነ ላይሰማት ይችላል። ወንድ ልጅ ከወለደች ግን የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።»

ደሚቱ ተመልሳ ተቀመጠች። ቢጫ ዓይን ያለውን ልጅ አስታውሳ በራሷ ላይ ተቆጣች። ቀኑን ሙሉ የተሳሳተውን ዘር ስትከተል ነበር የዋለችው። ልጁን በማግስቱ ጠዋት እንዲያይላት ዶክተሩን ለመነችው። ጠዋት ጀነት ልጇን ይዛ ስትመጣ ደሚቱ እዚያው ቆየቻቸው፤ የልጁ ደም ቢቀንስም እያገገመ መሆኑን ሰማች። ቁጢጥ ብላም ማክሰኞ ዕለት ከአያቱ ጋር ምን እንደበላ ጠየቀችው። ልጁ ጥያቄው ቀላል ስለነበር ወዲያው መለሰላት።

ከዚያ ወደ ሜክሲኮ አቀናች። የጃፋር የሥራ ባልደረቦች ጠዋት ጠዋት የት ቁርሱን እንደሚበላ ለመናገር አላመነቱም። የጠቆሟት ቤት ባለቤት ወይዘሮ ሀዲያ ደግሞ የጃፋርን ስም ስትሰማ ፈገግ አለች፤ ለምን እንደምትጠየቅ ስታውቅ ግን ፈገግታዋ ጠፋ።

ሐሙስ ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም በሐጂ ሳሎን ተሰበሰቡ። ቢልቂስ እጇ በካቴና ታስሮ በአንድ ፖሊስ ታጅባ መጣች፣ ከቤቷ በር ላይ ጫማዋን ለማውለቅ እንኳ ሰው ማገዝ ነበረበት። ጃፋር ከፎቶግራፉ ሥር ተቀምጧል። ጀነት ልጇን አቅፋለች። ዶክተር ሰላሁንና ወይዘሮ ሀዲያም በር አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ጃፋር ሀዲያን ሲያይ አቀማመጡን አስተካከለ።

ደሚቱ ሁለቱን ላስቲኮች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወይዘሮ ቢልቂስ ሽሮዋን ከነበርበሬው አንድ ላይ እንደምታስፈጭ አስረዳች። ባቄላው ከመፈጨቱ በፊት ገብቶ ቢሆን ዱቄቱ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቀይ ይሆን ነበር። ነጩ ግን ከላይ ተደፍቶ ነው የተገኘው፤ ከፖሊሱ ማንኪያ በቀር የነካውም የለም። ከማክሰኞው ምሳ ወዲህ ደግሞ ከዚያ ቆርቆሮ የተሠራ ወጥ የለም፤ ቤቱ የበላው ጎረቤት ያመጣውን ነው።

«ስለዚህ ባቄላው የተደፋው ከምሳው በኋላ፣ ወጥ የሠራችው እንድትጠረጠር ነው» አለች። «ወይዘሮ ቢልቂስ ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታል ከገባች ጀምሮ ሐጂ እስኪያርፉ ድረስ ከአልጋቸው አጠገብ አልተነሣችም፤ ነርሶቹ መስክረዋል። ሐሙስ ብርድ ልብስ ላምጣ ብሎ ብቻውን እዚህ የመጣው ጃፋር ነው። ፖሊስ ሲመጣም ቆርቆሮውን ያሳየው እሱ ነው።»

«እኔም በልቼ ታምሜያለሁ እኮ» አለ ጃፋር። «እንዴት እንደዚህ ይላሉ?»

«እመጣበታለሁ» አለች ደሚቱ። «ሽሮው ባቄላ ካልነበረበት ሐጂን የገደለው ሌላ ምግብ ነው። የትኛው እንደሆነ የነገረኝ ሕመሙ ነው። በዚያው ረቡዕ በዚያው ዓይነት ሕመም የተያዘ ሌላ ሰው ነበር። ምሳውን ያልበላ ሰው። ሙከሚል።»

ጀነት ልጇን አጥብቃ ያዘችው። ደሚቱ ወደ ዶክተሩ ዞራ የትናንቱን በአጭሩ እንዲደግመው ጠየቀችው፤ እርሱም ደገመው። አንድ ሽማግሌ ፎቶግራፉን፣ ከዚያ ጃፋርን፣ ከዚያ ልጁን ተመለከቱ።

«በዚህ ቤት የሐጂን በሽታ የወረሰው ይህ ልጅ ነው፤ ያወረሰችውም ሳታውቅ እናቱ ናት» አለች ደሚቱ። «ማክሰኞ ከሰዓት ወይዘሮ ቢልቂስ ለቅሶ ሄዳ ሳለ ጃፋር ለአባቱ የምስር ነው ብሎ ሳምቡሳ ሰጣቸው። ሐጂ ልጃቸውን አምነው በሉ፤ ሙከሚል ከመዋዕለ ሕፃናት ሲመጣም አጎረሱት፤ ይህን ራሱ ነግሮኛል። ወይዘሮ ሀዲያ፣ ሳምቡሳው ምን ነበር?»

ሀዲያ ቀና ሳትል ተናገረች። ጃፋር ሰኞ ዕለት መጥቶ ለማክሰኞ ጠዋት ስድስት ሳምቡሳ፣ ውስጡ ምስር ሳይሆን የባቄላ ክክ ሆኖ እንዲሠራለት አዝዟል። ለምን እንደፈለገው አልጠየቀችውም፤ ባቄላ እንደሚወድ ታውቃለች።

«በምን ታውቂያለሽ?» አለች ደሚቱ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ቁርሱን ፉል ነው የሚበላው፤ እኔ ጋ።»

ደሚቱ ወደ ጃፋር ዞረች። እዚህ ቤት ባቄላ ስለማይገባ ሲበላ ያየው የቤት ሰው አልነበረም። አባቱን መምሰሉ ደግሞ ለውሸቱ በቂ ምስክር ሆኖለት ነበር። ተጎጂ መስሎ ሊያመልጥ ወረስኩት ያለው በሽታ ግን፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ፈጽሞ የማይሄደው ነው። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረችው።

ጃፋር እሷን አልሰማትም። ልጁን ነበር የሚያየው።

«አብሮ ሲበላ አጠገባቸው ነበርክ?» አለች ጀነት። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «አባቴ ሲያጎርሰው እያየህ ዝም አልክ?»

«አይነካውም ብዬ ነው» አለ ጃፋር። «እሱ የአባቱ ዘር ነው፤ የእኛ አይደለም ብዬ ነው።»

ከዚያ በኋላ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ፖሊሱ ካቴናውን ከቢልቂስ ፈትቶ ለጃፋር አደረገው፤ ይዞ የመጣው አንድ ብቻ ነበር። ዘመዶቹ እየወጣ ላለው ሰው መንገድ ለቀቁ። ደሚቱ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ የተሰማት ግን ድካምና ብስጭት ብቻ ነው። ማንም ሰው ለመጠየቅ ቢተጋ ኖሮ ይህ ሁሉ ሰኞ ዕለት ያልቅ ነበር።

ጀነት ልጇን ለዶክተሩ ሰጥታ ከቢልቂስ ፊት ተንበረከከችና ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ አለች። ቢልቂስ እግሯን ሰበሰበች። የተላላጠ አንጓዋን እያሸች ቁልቁል አየቻት።

«ተነሽ» አለቻት። «አባቴን ገድላለች ብለሽ ጣቢያ የሰጠሽው ቃል አለ፤ ፈርመሽበታል። መጀመሪያ ሄደሽ እሱን አንሺ። ይቅርታውን ከዚያ በኋላ እናየዋለን።»

ጀነት ከተንበረከከችበት ተነሥታ ሻርፗን አስተካከለች። ቃል ተቀባዩ ከቢሮው የሚወጣው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መሆኑን ደሚቱ ስትነግራት፣ ጫማዋን እንኳ በደንብ ሳታጠልቅ ቀድማ ደረጃውን ወረደች።