ኡራኤል እናት ጋ ወራጅ አለ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ሥርጉት ግን መልአኩ ስም እስኪያወጣላት አልጠበቀችም፤ የራሱን ስም ነው የወሰደችበት። እንዴት እንደወሰደችው፣ ምን ያህልስ እንዳስከፈላት ልንገራችሁ። ሰምታችሁ ብታለቅሱም አይፈረድባችሁም፤ እኔም ስጽፈው እንባዬን መግታት አልቻልኩም።

ሐረር ላይ፣ ሸዋ በር፣ ከሚኒባሶቹ መቆሚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ሥርጉትና ባሏ አሰፋ ይኖሩ ነበር። አሰፋ በወታደርነት ተመድቦ መጥቶ በዚያው የቀረ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ልቡ ቅን ሰው ነው። ሥርጉት ከቅድመ አያቷ ጀምሮ የሐረር ሰው ናት፤ ከድሬ ጠያራ ገበሬዎች ድንችና ጎመን እየተረከበች መንገድ ዳር ትሸጣለች። ፍቅር ነበራቸው፤ ሰላም ነበራቸው። ያጡት ልጅ ብቻ ነው። ልጅ ብቻ! አራት ጊዜ አርግዛ አራት ጊዜ ቀበረች። አንዳቸውም ክርስትና እስኪነሱ አልቆዩ፣ አንዳቸውም ስም አላገኙ። እናት ስም ሳታወጣለት የቀበረችውን ልጅ ምን ብላ ትጠራዋለች? ማን ብላስ ታለቅሰዋለች? ሥርጉት ለአራቱም «ልጄ… ልጄ…» ብቻ እያለች ነው ያለቀሰችው። እንባዋን የጠረገችላት በግድግዳ የምትዋሰናት ጎረቤቷ ሳዳ ነበረች።

አምስተኛውን አርግዛ ሰባት ወር ሲሞላት፣ ወሩ በገባ በሃያ ሁለተኛው ቀን፣ በቅዱስ ኡራኤል ዕለት፣ ግድግዳው ላይ ካለው ሥዕል ፊት ተንበረከከች። «ኡራኤል፣ ይህን ልጅ ብታኖርልኝ በስምህ እጠራዋለሁ። በየወሩ በቀንህ ዳቦ ጋግሬ ለደጅህ ሰው አበላለሁ። ስምህን ከልጄ ላይ በአፌ ያነሳሁ ቀን ግን መልሰህ ውሰደው» አለች። ስሕተቷን አያችሁ? ወንድ ይሁን ሴት ሳታውቅ የወንድ ስም ተሳለች! በዚያ ላይ የልጇን ሕይወት መያዣ አደረገች። ግን አራት ልጅ የቀበረች እናት ስትሳል ማን ቆጥበሽ ተሳይ ይላታል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ሴት ተወለደች።

አሰፋ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። «ሥርጉት፣ ለሴት ልጅ ኡራኤል? ነገ ከእኩዮቿ ጋር እንዴት ትኑር?» አላት። ሥርጉት ሕፃኗን ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች። በመጨረሻ ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘንድ ሄዱ። ቄሱ ጢማቸውን እያሻሹ «ክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ ይሁን። የቤት ስሟን ግን የተሳልሽው አንቺ ነሽ፤ ስለትሽን አድርሺ። መላእክት ዘንድ ወንድ ሴት የሚባል ነገር የለም» አሉ። በዚህ ተፈጸመ። ልጅቷ ኡራኤል አሰፋ ተባለች፤ ኖረችም!

አቤት፣ ያን ስም ስንት ሥራ አሠራችው! ስታባብል «ኡራዬ» ነው። ስትቆጣ «ኡራኤል አሰፋ!» ብላ ከነአባቷ ትጠራታለች። እንቅፋት ሲመታት፣ ዝናብ ሲመጣ፣ ሚዛኑ ሲወድቅ ያው ኡራኤል ነው። ሳዳ ልጇን ኢክራምን ለምሳ ስትጠራ «ኢክራም! ኡራኤል!» ብላ አንድ ላይ ትጣራለች፤ ሁለቱም ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ገበያው ውስጥ ሻጩ ሁሉ በልጁ ሲምል፣ ሥርጉት ብቻ «ትሙት» የሚለውን ቃል ከዚያ ስም አጠገብ አንድ ቀን እንኳ አስቀምጣ አታውቅም። ሰዉም እሷን «የኡራኤል እናት» ማለት ጀመረ። ሥርጉት የሚለው ቀስ በቀስ ተረሳ። ቆይቶም የድንቿ መደብ ምልክት ሆነና የሚኒባስ ተሳፋሪ «ወራጅ አለ! ኡራኤል እናት ጋ!» እያለ ይወርድ ጀመር። የልጅ ስም የእናት፣ የእናት ስም የሰፈር ስም ሆነ ማለት ነው። የሰው ዘር ስንት ዘመን ለፍቶ ስሙን መንገድ ላይ ያስጽፋል፤ እሷ በድንች መደብ አገኘችው።

ደስታ ግን ለድሃ ቤት እንግዳ ነው፤ ብዙ አይቀመጥም። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት አሰፋ በሳንባ ሕመም ሞተ። ትምህርት ቤት ደግሞ ስሙ ሸክም ሆነባት። መምህሩ ስም ሲጠራ «ኡራኤል አሰፋ» ሲል ወንድ ይፈልጋል፤ እሷ «አቤት» ስትል ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። መታወቂያ ልታወጣ ስትሄድ ጸሐፊው ቀና ብሎ ሳያያት «ወንድ» ብሎ ጻፈባት። «እማዬ፣ ለምን የወንድ ስም? ምን አድርጌሽ ነው?» እያለች አለቀሰች። እናቷ ጸጉሯን እየሠራች ዝም! የስለቱን ግማሽ፣ «መልሰህ ውሰደው» ያለችውን፣ ለልጅ መንገር ሞቷን እንደ መንገር መሰላት። ሳዳ ብቻ ታውቃለች። ያ ዝምታ ምን እንደሚያመጣ ማን ነገራት?

ልጅቷ አድጋ ድሬዳዋ ሄደች፤ ጸጉር ሥራ ተማረች፤ ሳሎን ተቀጠረች። ማንም በማያውቃት ከተማ ስሟን ስትጠየቅ «ዮዲ» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንዴት ቀለላት! ደንበኞቿ ዮዲ አሏት፤ የወደዳት ሄኖክ የተባለ ወጣትም ዮዲ አላት። እውነተኛ ስሟን ሳትነግረው ሁለት ዓመት አለፈ። ሸዋ በር ወሬው ሲደርስ ሥርጉት ሌላውን ነገር ሁሉ ትታ «የጠራት አለ? በስሟ የሚጠራት ሰው አለ?» እያለች ትጨነቅ ጀመር። ስሙ ከልጇ ላይ እየተነሳ ነው… መልአኩ ሰምቶ ይሆን?

በዚህ መሃል የሄኖክ ሽማግሌዎች መጡ። ሦስት የተከበሩ ሰዎች፣ ነጭ ለብሰው በር ላይ ቆሙ። ልጅቷ ከድሬዳዋ መጥታ ጓዳ ሆና በመጋረጃው ቀዳዳ ታያለች፤ ልቧ በደስታ ሊፈነዳ ደርሷል።

«አረፍ በሉ እንጂ» አለች ሥርጉት።

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ልጃችን ሄኖክ ልጅዎን ዮዲን ለትዳር ወዷል። ይስጡን ልንል ነው የመጣነው።»

ሥርጉት ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ቀና ብላ አየች። «ዮዲ የምትባል ልጅ የለችኝም» አለች። «ኡራኤልን ከሆነ የምትጠይቁኝ በደስታ እሰጣለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እኛ የመጣነው ሴት ልጅ ልንጠይቅ ነው…»

«ሴት ናት። ስሟ ኡራኤል ነው።»

«ታዲያ ለዛሬ ብቻ ዮዲን ሰጥቻለሁ ይበሉና ጉዳዩ ይለቅ፤ ምን ይጎዳዎታል?»

ምን ይጎዳታል! በገዛ አፏ ስሙን ከልጇ ላይ ካነሳች ምን እንደሚከተል እሷና መልአኩ ያውቃሉ። «አልችልም አባቴ» አለች፤ «ግደሉኝ እንጂ አልችልም።»

ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ተመለሱ። የሄኖክ ቤተሰብ «ስሟን የደበቀችን ሌላ ምን ያልደበቀችው ይኖራል?» አለ፤ ሄኖክም በዓመቱ ሌላ አገባ። ልጅቷ ሽማግሌዎቹ የተመለሱ ዕለት ሻንጣዋን አንስታ ወጣች። በሩ ላይ ዞር ብላ «ዕድሜ ልኬን በእልክሽ ቀበርሽኝ! ከእንግዲህ በዚህ ስም ብትጠሪኝ አልሰማሽም!» አለቻት። ሥርጉት «ኡራኤል!» ብላ ተጣራች። አልመለሰችላትም። «ኡራዬ!...» ሚኒባሱ ሄደ።

ሦስት ዓመት! ድሬዳዋ ከሐረር ስንት ነው? የአንድ ሰዓት መንገድ ከትንሽ። ግን ኩርፊያ መሃል የገባበት መንገድ በኪሎ ሜትር አይለካም። በእነዚያ ዓመታት ሥርጉት ምን ታደርግ እንደነበር ስሙ። ልጇ ላይ የጠፋውን ስም በየሰው አፍ አቆየችው። ወይዘሮ ሥርጉት የሚላትን ሁሉ «የኡራኤል እናት በለኝ» ትለዋለች። በወሩ ሃያ ሁለት ዳቦዋን ተሸክማ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለተቀመጡት ስታድል «ስለ ኡራኤል ብሉ፤ ስሟን ጥሩልኝ» ትላለች። ተሳፋሪው «ኡራኤል እናት ጋ ወራጅ አለ!» ባለ ቁጥር ከድንቿ ቀና ብላ «ተመስገን፣ ዛሬም ተጠራች» ትላለች። በየቀኑ አንድ ሰው እስከጠራት ድረስ ስለቱ አልፈረሰም፤ ልጇም አትሞትም ብላ አመነች። እንዲህ ያለ ፍቅር ከየት ይመጣል? እኔ አላውቅም። ባውቅ ተሳልሜ እመጣ ነበር።

በዚያ ሁሉ መሃል ጡቷ ላይ ያበጠውን ነገር ለማንም አልነገረችም። ሐኪም ቤት ስትደርስ ጊዜው አልፎ ነበር፤ ሐኪሞቹ አዝነው ወደ ቤቷ ሸኟት። ከዚያ ወዲያ አልጋ ላይ ሆና የምትለው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ኡራኤል… ኡራኤል…» ሳዳ ግን መታገሥ አቃታት። ሃያ ስድስት ዓመት የያዘችውን ምስጢር ለኢክራም አውጥታ ነገረቻትና «ሂጂ አምጪያት፤ ያ አላህ፣ እንዲህ ሆና አትሂድ!» አለቻት።

ኢክራም ሳሎኑ በር ላይ ቆማ «ኡራኤል!» ብላ ስትጣራ ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ቀና አሉ።

«እዚህ ዮዲ ነው የምባለው» አለች ልጅቷ ፊቷ ቀልቶ።

«አቦ ተይኝ! እናትሽ እየሞተች አንቺ የሰው ጸጉር ትተኩሻለሽ?»

ልጅቷ እጇ ላይ ያለው ማበጠሪያ ወደቀ። ቢሆንም ቂም በአንድ ጊዜ አይለቅም። «አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ዮዲ ብትለኝ ምን ነበረበት? ሠርጌን ያፈረሰችው በእልኳ ነው…»

«እልክ? ወላሂ ፍርሃት ነው!» ኢክራም አለቀሰች። «ስሙን በገዛ አፏ ከላይሽ ካነሳች አንቺ እንድትሞቺ ተስላ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ስምሽን በጠራ ቁጥር በሕይወት የምትቆዪ እየመሰላት ነው፣ ገባሽ? ያንን አላወቅሽም እንጂ፣ ባል ልትከለክልሽ ሳይሆን ነፍስሽን ልታተርፍ ነው!»

የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት እንዴት እንደወጡት ልጅቷ አታስታውስም። ኢክራም ትከሻ ላይ ተደፍታ ሐረር ደረሱ። ሸዋ በር ሲቃረቡ ከኋላ ወንበር አንድ የማታውቀው ሰውዬ፣ የጎመን ዘንቢል ታቅፎ፣ «ወራጅ አለ! ኡራኤል እናት ጋ!» አለ። ልጅቷ ዞር ብላ አየችው። ይህ ሰው አያውቃትም፤ ግን ጠራት! ስንት ሺህ ሰው በዚህ መንገድ ሲያልፍ ጠርቷታል? ስንት ቀን አኑሯታል? ጮኻ አለቀሰች።

ሥርጉት አልጋው ላይ ከሲታ ሆና፣ ዓይኗ በሩ ላይ ተተክሎ ነበር። ሳዳ እጇን ይዛለች። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይ መስኮቱ ላይ አለች።

«ኡራኤል…» አለች ሥርጉት፣ ማንም ይመልሳል ብላ ሳትጠብቅ።

«አቤት እማዬ!»

ሥርጉት ደነገጠች። የሰማችውን አላመነችም። «ኡራኤል?»

«አቤት! አቤት እናቴ፣ እዚህ ነኝ!»

«ኡራዬ…»

«አቤት!»

የሥርጉት ፊት በራ። ሳዳ እስከ ዛሬ «እንዲያ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም» ትላለች። ሥርጉት የልጇን ጸጉር ዳበሰችና «አልወሰደሽም…» አለች፤ «አልወሰደሽም፤ ደግ መልአክ ነው።» ከዚያ ደግማ ደጋግማ ጠራቻት፤ ልጅ በአዲስ መጫወቻ እንደሚጫወት። ልጅቷም ለእያንዳንዱ መለሰች። ለትምህርት ቤቱ ሳቅ፣ ለሦስቱ ዓመት ዝምታ፣ በር ላይ ጥላው ለሄደችው ጥሪ ጭምር መለሰች። ወደ ማታ ሲል የሥርጉት ድምፅ ጠፋ፤ ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ልጅቷ ከንፈሯን አይታ «አቤት» አለች። ከንፈሯም ቆመ። «አቤት እማዬ… አቤት…» አለች አሁንም። ሳዳ ቀስ ብላ የሥርጉትን ዓይን ከደነች።

የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ በመጀመሪያው ዙር «ወይዘሮ ሥርጉት አርፈዋል» ብሎ ለፈፈ። ሰዉ ማን ናት እያለ ተጠያየቀ። በሁለተኛው ዙር «የኡራኤል እናት አርፋለች!» ሲል ሸዋ በር ተነሳ። ድንች ሻጩ፣ ሾፌሩ፣ የድሬ ጠያራ ገበሬዎች፣ ዳቦዋን የበሉ የጎዳና ሰዎች፣ የሳዳ ዘመዶች ሁሉ ወጡ። ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ አርጅተው በሰው ተደግፈው ቆመው ነበር፤ «ስለቷን ያደረሰች» ከማለት ሌላ ቃል አላገኙም።

ዕድል ለአንዱ ወርቅ፣ ለአንዱ መሬት ያካፍላል። ለሥርጉት የሰጣት አንድ ስም ብቻ ነበር፤ እሷም ያንን አንድ ስም ለልጅ፣ ለጸሎት፣ ለዳቦ፣ ለመንገድ አብቃቅታ ኖረችበት። አንባቢ ሆይ፣ የሚጠራህ ሰው ካለህ ሳይረፍድ መልስለት።

ልጅቷ ሐረር ቀረች። ሳሎኗን የከፈተችው ከእናቷ መደብ አጠገብ ነው፤ በሰሌዳው ላይ «ኡራኤል የሴቶች ጸጉር ቤት» ይላል፤ ሰው ሲስቅባት አብራ ትስቃለች። በወሩ ሃያ ሁለት ዳቦው አይቀርም። በየቀኑም፣ ሚኒባስ ቆሞ የማታውቀው ተሳፋሪ «ወራጅ አለ! ኡራኤል እናት ጋ!» ሲል፣ እጇ ላይ ያለውን ጸጉር ሳትለቅ፣ ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «አቤት» ትላለች።