እሜቴ እጅ እስክትለምድ

በእባብ ሰበብ ፍቅር ያዘኝ ብል ማን ያምነኛል? እናቴ እንኳ እስከ ዛሬ አላመነችም።

ነቀምቴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ረዳት ነኝ። አሳምነው ደግሞ ከወሎ ተመድቦ የመጣ የባዮሎጂ መምህር ነው። ኅዳር ላይ፣ ጉቶ ጊዳ ወረዳ ውስጥ ከበቆሎ ጎተራ ወጥታ ልትገደል ስትል ያስጣላትን ቡናማ እባብ በካርቶን ይዞ ከች አለ። መርዝ የላትም አለኝ። አከራዩ ከነእባቡ እንደሚያባርሩት ስለገባው የቤተ ሙከራውን ጓዳ ለመነኝ። ስሟንም «እሜቴ» አላት።

እሜቴ ድንጉጥ ነበረች። ሰው ሲጠጋት ትጠቀለላለች፤ የመስታወት ሳጥኗን በአፍንጫዋ ትገፋለች።

«ላውጣትና ላባብላት?» አልኩት፣ እየፈራሁ ደፋር መምሰል አምሮኝ።

«ኧረ ተይ! መጀመሪያ ትረፍ። መደበቂያ እንስጣትና አጠገቧ ዝም ብለን እንቀመጥ። ሽታችንን ትልመድ።»

የገንቦ ስባሪ አስገባንላት። ቀጥሎ የለበስኩትን ሻርፕ ጠየቀኝ፤ ከአንገቴ ፈትቼ ሰጠሁት። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት ብርዱ ሳይሰማኝ ነው።

መብራት ሲጠፋ ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልተን፣ በፎጣ ጠቅልለን ከሳጥኗ ጥግ እናስቀምጥላታለን። ከዚያ ጎን ለጎን ቁጭ። ስለ አገሩ ስለ ወረኢሉ ብርድ ያወራኝና ዝም ይላል። እኔን የጨረሰኝ ያ ዝምታው ነው። እጁ ከእጄ አንድ ስንዝር ርቆ ያርፋል፤ አይንቀሳቀስም።

መነካት የምትችልበት ቀን ሲደርስ አስተማረኝ። «ከላይ አትምጪባት፣ ጭልፊት ይመስላታል። ከጎን፣ ከሆዷ ሥር ደግፊያት። መሄድ ከፈለገች ልቀቂያት። አብሽሪ።»

አብሽሪ ያለው ለእሷ ይሁን ለእኔ አላወቅኩም። እሜቴ አንጓዬ ላይ ቀስ ብላ ስትጠመጠም ቀና አልኩ። እሱ የሚያየው እሷን አልነበረም።

ተናገር እንጂ፣ አልኩ በልቤ። አልተናገረም። ወራቱ እንዲሁ አለፉ።

ከፋሲካ በኋላ ኦቦ ጨመዳ የሚባሉ የአኖ ከተማ ነጋዴ ለልጃቸው እኔን ሊጠይቁ እሁድ ሽማግሌ እንደሚልኩ ተሰማ። እሜቴን ይዞ ሳለ ነገርኩት።

«አንቺስ ምን አልሽ?» አለኝ።

«አንተስ ምን አልክ?»

«እኔማ... ላስደነግጥሽ አልፈለግኩም። ራስሽ እስክትጠጊኝ እየጠበቅኩ ነው።»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። «አሳምነው፣ እኔ እባብ አይደለሁም! እኛ ጋ ሴት ልጅ ትጠየቃለች እንጂ ራሷ ሄዳ ውሰደኝ አትልም።»

ቅዳሜ በማለዳ በራችን ተንኳኳ። የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ኦቦ ዋቅወያ እንደ ሽማግሌ ወጉ እርጥብ ሣር ይዘው ቆመዋል። አጠገባቸው አሳምነው።

«ልጁ የማን ነው? የት አለ?» አለ አባቴ።

«እኔ ነኝ» አለ አሳምነው።

ለራሱ ሽማግሌ ሆኖ የመጣ ሰው በሰፈራችን ታይቶ አይታወቅም። እናቴ «ያ ዋቃ! አምላኬ!» ብላ አፏን ያዘች። አባቴ ዞሮ እኔን አየ፤ ፊቴ ላይ ያየው በቅቶታል መሰለኝ፣ ሳቁን ዋጠ።

«የአኖዎቹን እመልሳለሁ። አንተም አባትህን ይዘህ ናና በወጉ ጠይቅ።»

ትምህርት ቤት ሲዘጋ አሳምነው ወሎ ሄደ። ክረምቱ ወጣ። መንገዱ ተከፈተ ሲባል በጸጥታው ምክንያት መልሶ ይዘጋል፤ አባቱም ታመዋል። ለእሜቴ አይጥ የማጠምደው፣ ጓዳው ውስጥ ብቻዬን የምቀመጠው እኔ ነኝ። ናፍቆት ሰውነት እንደሚያሳምም አላውቅም ነበር።

ኔትወርክ ሲገኝ ይደውላል።

«እሜቴ እንዴት ናት?»

«እጄ ላይ ናት። አሁን አትፈራም።»

«አንቺስ ድርቤ?»

ደህና ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ናልኝ» አልኩት። «አባትህ መምጣት ባይችሉም፣ አንተ ናልኝ።»