ጋሼ ቃል ይጠብቃል

«ጻፍሽ?» አለች አሰልጣኟ፣ የኮርቻውን ጠፍር እያጠበቀች።

«ጽፌያለሁ» አለች ልጅቷ። የፈረሱ መከታተያ ደብተር ላይ ከቀኑ ትይዩ «ደህና ነው» ብላ ፈርማለች። እንዲህ በቀላሉ መጻፏ ራሷን አስገረማት።

አሰልጣኟ «ቆቅ» ነው የምትላት፤ ከዐይኗ የሚያመልጥ ነገር ስለሌለ። ቆቅ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ታናሽ ወንድሟ ማሙሽ ደግሞ ሰባት። ማሙሽ ከተወለደ ጀምሮ እግሩም ወገቡም አይታዘዙለትም፤ አይናገርምም። ፈረስ ላይ መቀመጥ ወገቡን ያጠነክርለታል ተብሎ ነው ወደዚህ ግቢ የመጣው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቆቅ ገመዱን ይዛ ከፊት ትመራለች፤ እናቷና አሰልጣኟ ግራና ቀኝ ሆነው ልጁን ይደግፋሉ።

ፈረሱ ጋሼ ይባላል። ሸምግሏልና አንተ የሚለው የለም። አሰልጣኟ ሰኮናውን ስትጠርግ እንኳ «ጋሼ፣ እስቲ እግርዎን» ነው የምትለው። ግቢው ውስጥ ያለው ሌላ ፈረስ ገና ያልተገራ ጎረምሳ ነው፤ ለራሱም አይሆን።

እዚያ የማይጣስ አንድ ሕግ አለ፤ «ቼ» የሚለው የተቀመጠው ልጅ ብቻ ነው። መናገር የማይችል የፈረሱን አንገት መታ መታ ያደርጋል። ጋሼም ያንን ሳያገኝ እግሩን አያነሳም፤ ዝናብ ቢወርድበትም ቆሞ ይጠብቃል። ማሙሽ አራት ወር ሙሉ አንገቱን ሲመታ ከርሞ አንድ ቅዳሜ «ቼ» አለ። የመጀመሪያ ቃሉ ነበር። «እማዬ ሳይለኝ ቼ አለ!» ብላ እናቱ እየሳቀች አለቀሰች።

ቆቅ ነገሩን ያየችው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ገመድ የሚይዝ ሰው ልጁ ከመውጣቱ በፊት ፈረሱን በድንጋይ ንጣፉ ላይ አንድ ዙር አዙሮ እግሩን ማየትና ያየውን መጻፍ አለበት፤ ልጆቹ የሚጋልቡበት አሸዋ የሚደብቀውን ህመም ድንጋይ ያጋልጠዋል። ጋሼ የቀኝ የፊት እግሩ መሬት በነካ ቁጥር ራሱን ወደ ላይ ነቀነቀ። ቆቅ ብዕሩን ይዛ ብዙ ቆመች። ጋሼ እንዲያርፍ ከተባለ ማሙሽ ምን ላይ ይወጣል? ያቺ አንድ ቃልስ ተመልሳ ብትጠፋ? «ደህና ነው» ብላ ጻፈች። በቀጣዩም ቅዳሜ ያንኑ ጻፈች። ዛሬ ሦስተኛዋ ቅዳሜ ናት።

«ቼ» አለ ማሙሽ።

ጋሼ ተራመደ። ገመዱ መዳፏ ውስጥ እየተወጠረ ሲላላ ቆቅ ተሰማት፤ አሁን አሸዋውም አልደበቀውም። መታጠፊያው ላይ ጉልበቱ ከዳው። ማሙሽ ወደ ፊት ሲደፋ እናቱ ወገቡን አፈፍ አድርጋ ያዘችው። እሱ ግን ጨዋታ መስሎት ሳቀ። ጋሼ እንደ ምንም ተስተካክሎ ቆመ። ቃሉን እየጠበቀ ነው።

«ቼ።»

ሽማግሌው የታመመውን እግር አነሳ።

«በቃ!» አለች ቆቅ፤ ገመዱን በሁለት እጇ ይዛ። «አውርዱት።»

«ምን ሆነሻል?» አለች እናቷ።

«እግሩን ያመዋል። ሦስት ሳምንቱ ነው። እያየሁ ነው ደህና ነው ብዬ የጻፍኩት።»

አሰልጣኟ አልተቆጣችም። ብትቆጣ በተሻለ። «ቆቅ ያልኩሽ እኔው ነኝ» አለችና ማሙሽን ልታወርድ ዞረች። እናትየው አንገቷን ደፋች። «እኔም ጠዋት ሲያነክስ አይቼዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «የልጄ ነገር ሆኖብኝ እንዳላየ አለፍኩት።»

የእንስሳት ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ጉልበቱን ደጋግሞ ዳሰሰ። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነበር» አለ። «ያኔውኑ ቢያርፍ ኖሮ ምናልባት ይድን ነበር። ከእንግዲህ ሰው አይሸከምም።» ቆቅ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች በሆዷ።

ጋሼን በገመድ እየመሩ ወደ መስኩ ወሰዱት። አሰልጣኟ ልጓሙን አውልቃ የአጥሩን በር ከፈተችለት። ሳሩ ፊት ለፊቱ ነው። ጋሼ ግን ንቅንቅ አላለም። «ይሂዱ እንጂ ጋሼ» ብትለው፣ ገፋ ብታደርገው፣ አልሰማትም። ጆሮውን ወደ ማሙሽ ዊልቸር አዙሮ ቆመ። ማሙሽ ከወረደ ጀምሮ ትንፍሽ አላለም፤ ፊቱን እናቱ ቀሚስ ውስጥ ቀብሯል።

«ቃሉን አንቺ በይው» አለች አሰልጣኟ ለቆቅ። «ገመዱን የምትይዢው አንቺ ነሽ፣ ይሰማሽ ይሆናል።»

ቆቅ አፏን ከፈተች። አንዲት ፊደል ናት፣ ምን ትከብዳለች? ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ለጋሼም ለማሙሽም የወሰነችላቸው እሷው ነበረች። አፏን መልሳ ዘጋች። ዊልቸሩን እየገፋች ማሙሽን ጋሼ የቆመበት አጥር ድረስ አደረሰችውና ከዊልቸሩ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ሸወድኩዎት ጋሼ» አለች በሹክሹክታ። ከዚያ ቀና ብላ አሰልጣኟን አየቻት። «እሱ ይበለው። እንጠብቃለን።»

ጠበቁ። የአጥሩ ጥላ ረዝሞ እግራቸው ድረስ መጣ። ማሙሽ እጁን እንደ ምንም ዘርግቶ የጋሼን ደረት ነካ፤ ብዙ ቆይቶም፣ በተዘጋ ድምፅ፣ «ቼ» አለ።

ጋሼ እያነከሰ ወደ ሳሩ ሄደ። ቆቅ ባዶውን ገመድ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።